ቦው ያለው የክብሪት ፋብሪካ

በምሥራቅ ለንደን፣ ቦው በሚባለው ሰፈር፣ ፌርፊልድ መንገድ ላይ በቀይ ጡብ የተሠራ ትልቅ ግቢ አለ። ዛሬ ከ700 በላይ አፓርታማዎችና የመዋኛ ገንዳ ያሉት ውድ መኖሪያ ነው። ድሮ ግን በ1861 ሥራ የጀመረው የብራያንት ኤንድ ሜይ ክብሪት ፋብሪካ ነበር (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ሰው ሕንፃውን ያደንቃል፤ እኔ ነርስ ነኝና የማስበው ስለ ሠራተኞቹ መንጋጋ ነው።

የያኔው ክብሪት ጫፍ ነጭ ፎስፈረስ ነበረበት። ጭሱ በተበላሸ ጥርስ በኩል ይገባል። መጀመሪያ ተራ የጥርስ ሕመም ይመስላል፤ ቀጥሎ ድድ ያብጣል፣ መግል ይቋጥራል፣ በመጨረሻም የመንጋጋ አጥንት ይሞታል። ሽታው ሰው አያስጠጋም። ሕክምናው የሞተውን አጥንት ቆርጦ ማውጣት ነበር። ሴቶቹ ምሳቸውን የሚበሉት እዚያው በሚሠሩበት ክፍል ስለነበር መርዙ ከዳቦው ጋር አብሮ ይገባ ነበር።

ደመወዛቸው ትንሽ ነበር፤ በዚያ ላይ እግርሽ ቆሸሸ፣ አወራሽ እየተባለ ይቆረጥባቸዋል። በ1888 አኒ ቤሳንት የተባለች ጸሐፊ ይህን በጋዜጣ አወጣችው። አሠሪዎቹ ሴቶቹን «የተጻፈው ሐሰት ነው ብላችሁ ፈርሙ» ቢሏቸው እምቢ አሉ። በጁላይ ወር 1,400 ያህል ሴቶችና ልጃገረዶች ሥራ አቆሙ፤ ብዙም ሳይቆይ አሸነፉ። የደመወዝ ቅጣቱ ቀረ፣ የሠራተኛ ማኅበር አቋቋሙ፣ የመመገቢያ ክፍልም ተፈቀደላቸው። ለእኔ ትልቁ ድል ይህ ክፍል ነው። አገር ቤት ፋብሪካ ሲከፈት ሰው የሚጠይቀው ስንት ሠራተኛ እንደሚቀጥር ነው፤ እኔ ግን ምሳቸውን የት ይበላሉ የሚለውን አስቀድማለሁ።

ነጭ ፎስፈረሱ ግን እስከ 1901 ቆየ። የሚያናድደው፣ ኩባንያው ራሱ የስዊድኑን የቀይ ፎስፈረስ ክብሪት የመሥራት መብት በ1855 ገዝቶ ነበር። የትም ቢጭሩት የሚነደው ነጩ ርካሽና ተፈላጊ ስለነበር ሁለቱን ጎን ለጎን ያመርት ነበር። በ1891 ሳልቬሽን አርሚ በቀይ ፎስፈረስ ብቻ የሚሠራ ፋብሪካ ከፍቶ እንደሚቻል አሳየ። በ1898 ኩባንያው 17 ሕመምተኞችን ሳያሳውቅ በመቅረቱ ተከሶ ተቀጣ፦ 25 ፓውንድ ከ9 ሽልንግ። መንግሥት ነጩን በሕግ የከለከለው በ1908 ነው፤ ሕጉ የጸናውም በ1910።

ፋብሪካው በ1979 ተዘጋ፤ በ1980ዎቹ መጨረሻ ወደ መኖሪያነት መቀየር ጀመረ። በ2012ቱ ኦሎምፒክ ወታደሮች የግቢውን የውኃ ማማ ለጥበቃ ሚሳይል ተጠቅመውበታል። የ1888ቱን አድማ የሚዘክረው ሰማያዊ ሰሌዳ የተሰቀለው በ2022 ነው።