በልብስ ቅርጫት ውስጥ የተደበቀው ብስኩት

እ.ኤ.አ. 1961፣ ኒው ዮርክ ከተማ። በኩዊንስ ክፍለ ከተማ የምትኖር ጂን ናይዲች የተባለች የሁለት ልጆች እናት አስቤዛ ልትገዛ ወጥታ ከአንዲት የምታውቃት ሴት ጋር ተገናኘች። ሴትየዋ አምሮብሻል ካለቻት በኋላ መውለጃዋ መቼ እንደሆነ ጠየቀቻት። ጂን ግን እርጉዝ አልነበረችም። 97 ኪሎ ትመዝን ነበር።

ለመክሳት ሳትሞክር ቀርታ አይደለም። ኪኒኑንም፣ በየጊዜው የሚወራለትን የአመጋገብ ዓይነትም፣ ሂፕኖሲስንም አይታዋለች። ትከሳለች፤ ጥቂት ቆይቶ ኪሎው ተመልሶ ይመጣል። ይህን መመላለስ ደግሞ ከእሷ በፊት ብዙዎች አይተውታል።

ከጂን መቶ ዓመት ቀደም ብሎ ለንደን ውስጥ ዊልያም ባንቲንግ የሚባል የቀብር ሥነ ሥርዓት አስፈጻሚ ነበር። በ66 ዓመቱ 92 ኪሎ ደርሶ የጫማውን ማሰሪያ ጎንበስ ብሎ ማሰር አቅቶት ነበር። በማለዳ ጀልባ ቀዘፈ፤ ጉልበቱ ጠነከረ፤ የምግብ ፍላጎቱም አብሮ ጨመረና ይበልጥ ወፈረ። የቱርክ የእንፋሎት መታጠቢያ ቤትም ተመላለሰ፤ ጠብ ያለለት ነገር ግን ጥቂት ነበር። በመጨረሻ ለጆሮው ሕመም ያማከረው ዶክተር ዊልያም ሃርቪ ዳቦ፣ ስኳር፣ ቢራና ድንች እንዲተው ነገረው። በአንድ ዓመት ውስጥ 21 ኪሎ ያህል ቀነሰ። በ1863 የቀደሙ ሙከራዎቹን መክሸፍ ሳይደብቅ በገዛ ገንዘቡ ትንሽ መጽሐፍ አሳትሞ በነጻ አደለ። እስከ ዛሬ ስዊድናውያን ለመክሳት ምግብ መቀነስን የሚጠሩበት ቃል ከዚህ ሰው ስም የተወሰደ ነው።

ጂን በበኩሏ ወደ ከተማዋ ጤና ቢሮ የውፍረት ክሊኒክ ሄደች። እዚያ የሚሰጠው ዶክተር ኖርማን ጆሊፍ ያዘጋጁት የአመጋገብ ሥርዓት ነበር። ዓሣ፣ ጮማ የሌለው ሥጋ፣ ቅባቱ የወጣለት ወተት፣ አትክልትና ፍራፍሬ ይፈቅዳል፤ ጣፋጭና አልኮል ይከለክላል። በ10 ሳምንት 9 ኪሎ ቀነሰች።

ነገር ግን መታጠቢያ ቤቷ ውስጥ፣ የቆሸሸ ልብስ በሚጠራቀምበት ቅርጫት፣ በቸኮሌት የተሸፈነ ብስኩት ደብቃ ነበር። ሰው ሳያያት ትበላለች። ክሊኒክ ስትሄድ ግን ስለ ብስኩቱ ትንፍሽ አትልም። የምግብ ዝርዝሩ ችግር አልነበረበትም። የቸገራት ጉዷን የምታዋየው ሰው ማጣቷ ነበር።

እንደ እሷ ውፍረት ያስቸገራቸውን ስድስት ጓደኞቿን ቤቷ ጠራችና የብስኩቱን ነገር ዘረገፈችላቸው። የጠራቻቸውም ሊፈርዱባት አልተቀመጡም፤ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ምስጢር አወጡ። በየሳምንቱ ሊገናኙም ተስማሙ። በሁለት ወር ውስጥ የሚመጣው ሰው ወደ 40 ደረሰ። በ1962 መጸው የጂን ክብደት ወደ 64 ኪሎ ወርዶ ነበር።

የከሳ ሰው ለምን መልሶ እንደሚወፍር ከዚያ ቀደም ብሎ አንድ ትልቅ ጥናት ፍንጭ ሰጥቶ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መገባደጃ፣ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ፣ አንሴል ኪስ የተባለው ተመራማሪ ውትድርናን ለኅሊናቸው ሲሉ እምቢ ያሉ 36 ጤነኛ ወጣቶችን ለስድስት ወር ያህል በግማሽ ምግብ አቆያቸው። ከክብደታቸው ሩብ ያህሉን አጡ። ቀን ተሌት የሚያስቡት ስለ ምግብ ብቻ ሆነ። ምግቡ ከተፈቀደላቸው በኋላም አንዳንዶቹ ጠግበው መነሣት አቃታቸው። ሰነፍ ስለሆኑ አልነበረም። ሰውነታቸው ያጣውን እያስመለሰ ነበር።

በግንቦት 1963 ጂን ከባልና ሚስቱ ከአልና ከፌሊስ ሊፐርት ጋር ሆና ዌይት ዋቸርስ የተባለውን ኩባንያ መሠረተች። በዚያው በኩዊንስ፣ ሊትል ኔክ ሰፈር ለተጠራው የመጀመሪያው ሕዝባዊ ስብሰባ 50 ወንበር ተዘረጋ፤ የመጣው ሰው ግን 400 ነበር። መግቢያው 2 ዶላር፣ የሲኒማ ዋጋ ነበር። የተሳካለትም፣ ሳምንቱን ያልሆነለትም በአንድ ክፍል ይቀመጣል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ሁለቱም ይመለሳሉ። ኩባንያው በ1978 ከ70 ሚሊዮን ዶላር በላይ በሆነ ዋጋ ለምግብ አምራቹ ሃይንዝ ተሸጠ። በ2025 ደግሞ አዳዲሶቹ የክብደት መቀነሻ መርፌዎች ገበያውን በለወጡበት ጊዜ ዕዳውን ለማቃለል የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። መርፌውም ቢሆን ሲቋረጥ፣ ከቀነሰው ኪሎ ብዙው ይመለሳል።

ጂን ናይዲች በ2015 በ91 ዓመቷ አረፈች። ብዙ ጊዜ የሚነገርላት ስላቋቋመችው ትልቅ ኩባንያ ነው። የሚገባት ምስጋና ግን ከዚያ በፊት ላደረገችው ነው፤ ብስኩቱን በልታም ከመንገዱ አልወጣችም፣ ስድስት ሰው ጠርታ እውነቱን ተናገረች። እርስዎም የቀነሱት ኪሎ ተመልሶ ከመጣ፣ ሐኪምዎን ያማክሩ፤ በዚህ ሳምንት ደግሞ የሚያምኑትን አንድ ወዳጅ ቤትዎ ጠርተው የደበቁትን ይንገሩት።