ፀሐይ ላይ የተሰጣ ድንጋይ

አሰላ ውስጥ ልጆች ሳለን ጠዋት ጠዋት ፀሐይ የሚሞቀው ሰው ብቻ አልነበረም፤ የሬዲዮ ድንጋይም ይሞቅ ነበር። ማታ ዜናው መሐል ላይ የሬዲዮው ድምፅ ሰልሎ ሰልሎ ጭጭ ካለ፣ በማግሥቱ አባቴ ድንጋዮቹን አውጥቶ ደጃፋችን ላይ በተነጠፈ ጆንያ እንደ ብቅል ያሰጣቸዋል። «ልጆች፣ ዶሮ እንዳይበትናቸው!» ይለናል ወደ ሥራው ሲሄድ። ማታ መልሶ ሲከታቸው ሬዲዮው እንደገና ይናገራል፤ ለአንድ ወይም ለሁለት ምሽት። (አማርኛችን የእጅ መብራቱን ራሱን «ባትሪ» ብሎ፣ ውስጡ የሚገባውን «ድንጋይ» ማለቱ ሁልጊዜ ያስቀኛል።)

ያኔ ፀሐይዋ ድንጋዩን የምትሞላው ይመስለን ነበር። ኋላ እንደተማርነው ግን አትሞላውም። በድንጋዩ ውስጥ ያለው ኬሚካል ሲበርደው ይደነዝዛል፣ ሲሞቅ ይነቃል። ከጭላሎ የሚወርደው የሌሊት ብርድ ያሰረውን ቅሪት ፀሐይዋ ትፈታዋለች እንጂ አዲስ ኃይል አትጨምርበትም። ቢሆንም የዚያች ቅሪት ዋጋ ቀላል አልነበረም። ኃይሌ ገብረሥላሴ፣ ምሩጽ ይፍጠር እ.ኤ.አ. በ1980 ሞስኮ ላይ ያገኘውን ድል በልጅነቱ የሰማው በሬዲዮ መሆኑን ተናግሯል። የቆቃ ግድብ ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ መብራት ቢሰጥም፣ ከአርሲ ገጠር አብዛኛው በኩራዝ ነበርና፣ ሬዲዮ ማለት ድንጋይ ማለት ነበር።

ዛሬ ፀሐይና ባትሪ አንድ ላይ የሚነሡት ለሌላ ጉዳይ ነው። ከ2017 ዓ.ም. መግቢያ ጀምሮ የኤሌክትሪክ ታሪፍ በየሩብ ዓመቱ እየጨመረ እንዲሄድ ተወስኗል። በአዳማ ወይም በመተሐራ ሙቀት ቀን ከሌሊት አየር ማቀዝቀዣ የሚያሠራ ሆቴል ጣሪያውን በፀሐይ ሰሌዳ፣ ምድር ቤቱን በባትሪ ሞልቶ ከዚህ ሂሳብ ለመገላገል ቢያስብ አይፈረድበትም።

ለአሰላ ሰው ግን ወሬው እንግዳ ነው። ከተማችን ከባሕር ወለል ከ2400 ሜትር በላይ ናት፤ 75 ኪሎ ሜትር ያህል ወርደው የሚያገኟት አዳማ 1700 ሜትር ገደማ። በየ1000 ሜትሩ ሙቀቱ በ6 ዲግሪ ያህል ይለያያል። በጠዋት ከአሰላ የተሳፈረ መንገደኛ ኢተያን አልፎ ዴራ ሲደርስ ጋቢውን ያወልቃል። የሚገርመው ደግሞ የፀሐይ ሰሌዳ ራሱ ብርድ ይወዳል፦ ብርሃኑ እኩል ከሆነ፣ ሰሌዳው በጋለ ቁጥር የሚሰጠው ኃይል ይቀንሳል። የመኪና ዓይነቱ የሊድ ባትሪም በሙቀት ዕድሜው ያጥራል። እንግዲህ ሰሌዳውም ባትሪውም የሚመቻቸው ደጋ ላይ ነው፤ ማቀዝቀዣ የሚያስፈልገው ግን ቆላ ላይ።

አየር ማቀዝቀዣን ዊሊስ ካሪየር የቀየሰው እ.ኤ.አ. በ1902 ለሰው ምቾት አልነበረም፤ ብሩክሊን ውስጥ ላለ ማተሚያ ቤት፣ እርጥበት ወረቀቱን እያበላሸ ስላስቸገረ ነው። የዛሬው የፀሐይ ሰሌዳ አያት እ.ኤ.አ. በ1954 አሜሪካ ውስጥ በቤል ላቦራቶሪ ተሠራ። ወደ እኛም ከሚታሰበው ቀድሞ ነው የመጣው፦ በማዕከላዊ ኢትዮጵያ በምትገኘው የሚቶ መንደር እ.ኤ.አ. በ1985 የፀሐይ ኃይል ማመንጫ ተተክሎ ነበር።

ፀሐይ ስታቀዘቅዝ ብዙው የገጠር ሰው ያየው ግን በጤና ጣቢያ እንጂ በሆቴል አይደለም። የክትባት ፕሮግራማችን እ.ኤ.አ. በ1980 ሲጀመር ከጣጣዎቹ ሁሉ የከበደው መድኃኒቱን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ማቆየት ነበር። መብራት በሌለበት ይህ የላምባ ፍሪጅ ሥራ ነበር። እሳት እያነደደ የሚያቀዘቅዝ ማሽን! የፈለሰፉት እ.ኤ.አ. በ1922 ሁለት የስዊድን ተማሪዎች፣ ባልትዛር ፎን ፕላተንና ካርል ሙንተርስ ናቸው። አርሲ ስዊድኖችን የሚያስታውሳቸው እ.ኤ.አ. በ1967 በተጀመረው በካዱ፣ በምርጥ ዘርና በወተት ላም ነው፤ ይህን ግን ማንም አያነሣላቸውም። ላምባው ካለቀ ወይም ክሩ ካጨሰ ክትባቱ ይበላሽ ነበር፤ መበላሸቱ ደግሞ ያኔ ብልቃጡን በማየት ብቻ አይታወቅም ነበር። ልጇን አዝላ ግማሽ ቀን የተጓዘች እናት ያስከተበችው ከውኃ የማይሻል ሊሆን ይችል ነበር ማለት ነው።

ከዚያው ዘመን ጀምሮ በባትሪ የሚሠሩ የፀሐይ ፍሪጆች በየአገሩ ተሞከሩ። ሰሌዳው ለዓመታት ሲያገለግል ቀድሞ የሚሞተው ባትሪው ሆነ፤ ባትሪው ከሞተ ፍሪጁ ቁም ሣጥን ነው። እ.ኤ.አ. ከ2010 ወዲህ በተስፋፉት አዳዲስ ፍሪጆች ባትሪው ከናካቴው ቀረ። ፀሐይ ሳለች ውኃውን በረዶ ያደርጉታል፤ ሌሊቱንና ደመናማውን ቀን በረዶው ያሻግራል። ኤሌክትሪኩን ሳይሆን ብርዱን ራሱን ማስቀመጥ ነው ዘዴው።

የቆላው ባለሆቴል እዚህ ላይ ቆም ቢል እላለሁ። ማቀዝቀዣው አብዝቶ የሚሠራው ቀትር ላይ ነው፤ ሰሌዳውም አብዝቶ የሚሰጠው ያን ጊዜ ነው። ስለዚህ ለቀኑ ባትሪ እምብዛም አያስፈልግም። ጥያቄው ሌሊቱ ነው። ቀን ቀን ውኃ አቀዝቅዞ ወይም በረዶ ሠርቶ ማታ በዚያ ክፍሎቹን ማቀዝቀዝ ይቻላል፤ በትልልቅ ሕንፃዎች በየአገሩ ይሠራበታል። የሊቲየም ባትሪም ካለፉት ዐሥር ዓመታት ወዲህ ዋጋው በእጅጉ ወርዷል፤ ጥሩው ዓይነት ሺህ ጊዜ ተሞልቶ ሺህ ጊዜ ቢራገፍ አይደክመውም። ሆኖም ኮርኒስ በሌለው የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያንን ሁሉ መትከል ውኃ በወንፊት መቅዳት ነው። መጀመሪያ ጥላው፣ ኮርኒሱ፣ ወፍራሙ ግድግዳ ይምጣ፤ ሰሌዳው ቀጥሎ፤ ባትሪው መጨረሻ፣ ያውም ከቤቱ ሁሉ ቀዝቃዛው ክፍል ውስጥ። ሻጮች ቅደም ተከተሉን ገልብጠው ቢነግሩን አይገርምም፤ ጥላ አይሸጡም።

የአባቴ ድንጋዮች ሦስት አራት ጊዜ ከተሰጡ በኋላ ማልቀስ ይጀምራሉ፤ ልባሳቸው ይበሰብስና ፈሳሽ ይወጣቸዋል። ያኔ ለእኛ ይሰጡናል። ሰብረን፣ መሐሉ ያለውን ጥቁር ዘንግ ለሥዕል እናስቀረውና ዱቄቱን ትምህርት ቤት እንወስዳለን፤ ከከሰል ጋር ተለውሶ ጥቁር ሰሌዳ ይቀባበታል። እጃችን ለሁለት ቀን አይጠራም ነበር። የዛሬው የሊድ ባትሪ ሲሞት እንዲህ ለልጅ የሚሰጥ አይደለም፤ ሊዱ መርዝ ነው። ባትሪ የሚገዛ ሰው አሮጌውን ማን እንደሚረከበው አስቀድሞ ይጠይቅ።