ጮሆ የሚቆመውና ዝም ብሎ የሚበላሸው፦ የሥራ መከታተያ ቅጾች ማሻሻያና የብልሽት ፍለጋ

እ.ኤ.አ. በ2010 ማይክሮሶፍት ቲም ፋውንዴሽን ሰርቨር የተባለውን የሶፍትዌር ሥራ መከታተያ በአዲስ እትም ሲያወጣ የጥቂት ነባር ፊልዶችን፣ ማለትም የቅጽ መሙያ ቦታዎችን፣ መጠሪያ አስተካከለ። ለውጡ ከቁጥር የሚገባ አይመስልም፤ ቀድሞ ተያይዘው ይጻፉ በነበሩ ሁለት ቃላት መካከል ክፍት ቦታ ገባና «ኤሪያአይዲ» የነበረው «ኤሪያ አይዲ» ሆነ። ከ2008ቱ እትም የተሻገሩ ድርጅቶች አዲሱን የቅጽ ትርጓሜ በነባር ፕሮጀክቶቻቸው ላይ ሊጭኑ ሲሞክሩ ግን ቲኤፍ26177 የሚል መለያ ያለው የስህተት መልእክት ከፊታቸው ተደቀነ። መልእክቱ የፊልዱን ስም ከዚህ ወደዚያ መቀየር አይቻልም ይላል። በአንዲት ክፍት ቦታ ምክንያት ጭነቱ ባለበት ቆመ።

መፍትሔው የደቂቃዎች ሥራ ነው። ዊትአድሚን በተባለው የትእዛዝ መሣሪያ ለእያንዳንዱ ፊልድ አንድ መስመር ጽፎ መጠሪያውን መለወጥ ይበቃል። ሥራውን ያስቆመው ምክንያት ግን ቆም ብሎ ማየትን ይጠይቃል። በዚህ ሥርዓት ፊልድ የአንድ ፕሮጀክት የግል ንብረት ሳይሆን በአንድ ኮሌክሽን ሥር ያሉ ፕሮጀክቶች ሁሉ በጋራ የሚጠቀሙበት ነው። አንድ ቡድን በራሱ ፋይል ውስጥ ስሙን ቢለውጥ፣ ሌሎቹ በአሮጌው ስም ስለሚያውቁት ሰርቨሩ አሻፈረኝ ይላል። ለውጡን ያደረገው ሰው ከራሱ ፋይል ውስጥ ስህተት ሲፈልግ ቢውል አያገኝም፤ ፋይሉ ምንም አልጎደለውም።

እንዲህ ያለው ብልሽት የሚያናድድ ቢሆንም ከሁሉም ርካሹ ነው። ጮሆ ይቆማል፣ መለያ ቁጥር ይሰጣል፣ ፊልዱን በስሙ ይጠራል፤ እስኪስተካከልም አያሳልፍም። የሥራ መከታተያ ሥርዓቶችን የሚያስተዳድሩ ባለሙያዎች አብዛኛውን ጊዜያቸውን የሚሰጡት ለዚህ ዓይነቱ ነው። ብዙ የሚያስከፍለው ግን ሥርዓቱ ያለ አንዳች ተቃውሞ ተቀብሎ የሚያሳልፈው ማሻሻያ ነው።

ልዩነቱን ለማየት የቅጹን አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል። በቲም ፋውንዴሽን ሰርቨር፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ2019 ወዲህ አዙር ዴቭኦፕስ ሰርቨር በተባለው ሥርዓት፣ የአንድ ወርክ አይተም፣ ማለትም የሥራ መዝገብ፣ ዓይነት በኤክስኤምኤል ፋይል ሊተረጎም ይችላል። ፋይሉ ሦስት ክፍሎች አሉት፤ አንዱ ፊልዶቹንና ደንቦቻቸውን፣ ሁለተኛው ሥራው የሚያልፍባቸውን ደረጃዎች ከነመሸጋገሪያቸው፣ ሦስተኛው ተጠቃሚው በዓይኑ የሚያየውን ቅጽ ይይዛል። ሦስቱ የሚነጋገሩት በፊልዱ ውስጣዊ መለያ ብቻ ነው። ያ መለያ አንዴ ከተሰየመ አይለወጥም። የፊልዱ የዳታ ዓይነትም ከጥቂት የጽሑፍ ዓይነቶች በቀር እንዲሁ ነው፤ ለቁጥር ታስቦ በስህተት እንደ ጽሑፍ የተፈጠረ ፊልድ ወደ ቁጥር አይመለስም፤ አዲስ ፈጥሮ ዳታውን ማዛወር ግድ ይላል።

አንድ አድሚን «የችግሩ ምንጭ» የሚል ፊልድ ጨምሮ፣ ባግ፣ ማለትም የተመዘገበ የሶፍትዌር ስህተት፣ ሲዘጋ የግድ እንዲሞላ ደንብ ጻፈ እንበል። ደንቡን በመሸጋገሪያው ሥር አስቀመጠ፤ ፊልዱን ቅጹ ላይ ማውጣቱን ግን ዘነጋ። ፋይሉ ያለ ችግር ይጫናል። በማግሥቱ ባግ ሊዘጋ የሞከረ ፕሮግራመር ቲኤፍ401320 የሚል መልእክት ይደርሰዋል፤ ይህ ፊልድ ግዴታ ነው፣ ባዶ መሆን አይችልም የሚል። ቅጹን ከላይ እስከ ታች ቢያስስ የተባለው ፊልድ የለም። ከዚህ የባሰው ደግሞ ሁለት ደንቦች ሲጋጩ ነው፤ ፊልዱ ለሁሉም ግዴታ ሆኖ ሳለ ለተራ የቡድን አባል እንዳይነካ የተዘጋ እንደሆነ። አድሚኑ በራሱ አካውንት ሲሞክረው ያለምንም እንከን ይሠራል። «እኔ ጋ ይሠራል» የሚለው የታወቀ መልስ የሚመጣው ከዚህ ነው፤ በእንዲህ ያለ ጉዳይ ደግሞ ምንም አያስረዳም። ማሻሻያን መፈተን የሚገባው ደንቡ በሚመለከተው ቡድን ውስጥ ባለ አካውንት ነው።

አሮጌ መዝገቦች ሌላ ወጥመድ ናቸው። ከምርጫ ዝርዝር ውስጥ አንድ ዋጋ ሲሰረዝ፣ ያን ዋጋ ይዘው የተቀመጡ ወርክ አይተሞች አይሰረዙም። ነባሩን ዋጋ ፍቀድ የሚለው ደንብ ካልተጨመረ፣ ከሦስት ዓመት በፊት የተከፈተ ባግ ላይ ርእሱን ብቻ ላርም ያለ ሰው ማስቀመጥ ይከለከላል። ያልነካው ፊልድ ነው የያዘው።

ጮሆ ለሚቆም ብልሽት ዘዴው ታውቋል። በሥራ ላይ ያለውን ትርጓሜ ከሰርቨሩ አውጥቶ በመጨረሻ በደህና ይሠራ ከነበረው ቅጂ ጋር ማስተያየት፣ ከመጫን በፊት ማረጋገጥ ብቻ የሚለውን አማራጭ መጠቀም፣ ለውጦቹ ብዙ ከሆኑ ደግሞ በግማሽ በግማሽ እየከፈሉ መፈተሽ። የሶፍትዌር ተመራማሪው አንድሬያስ ዜለር እ.ኤ.አ. በ1999 ፕሮግራም ትናንት ሠርቶ ዛሬ እምቢ ሲል ጥፋተኛውን ለውጥ በዚሁ የመከፋፈል መንገድ ማጥበብ እንደሚቻል አሳይተዋል፤ ሐሳቡ ለኮድ የታሰበ ቢሆንም ለኤክስኤምኤል ፋይልም ያገለግላል። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ተጠቃሚው ያየው ቅጽ አዲሱ መሆኑ ይጣራ። ቪዡዋል ስቱዲዮ የቅጹን ትርጓሜ በራሱ ማሽን ላይ ስለሚያስቀምጥ፣ እስኪታደስ ድረስ የድሮውን ማሳየቱን ይቀጥላል።

ዝም ብሎ የሚበላሸው ግን ለእነዚህ መሣሪያዎች አይታይም። ለዚህ ከጂራ የበለጠ ምሳሌ ማግኘት ይከብዳል።

አትላሲያን የተባለው የአውስትራሊያ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2002 ያወጣው ሌላው የሥራ መከታተያ ጂራ፣ ስሙን ከጎጂራ፣ ማለትም ከጃፓኑ የፊልም ጭራቅ የወሰደው ለቀዳሚው የባግ መከታተያ ለባግዚላ እንደ ቀልድ ነበር። በጂራ ውስጥ ሪዞሉሽን የሚባል ፊልድ አለ። ቲኬቱ፣ ማለትም የሥራ መዝገቡ፣ በምን ሁኔታ እንደተቋጨ ይናገራል፦ ተስተካክሏል፣ አይስተካከልም፣ ድጋሚ ነው፣ ወዘተ። ሥርዓቱ አንድን ቲኬት እንደተፈታ የሚቆጥረው «ተጠናቋል» ወደሚለው ደረጃ ስለደረሰ አይደለም፤ ይህ ፊልድ ባዶ ባለመሆኑ ብቻ ነው። ባዶ ሲሆን ጂራ ራሱ በሰያፍ ፊደል «አልተፈታም» ብሎ ያሳያል።

እዚህ ላይ ነው ቅን ልብ ያለው አድሚን የሚሳሳተው። ለተጠቃሚዎች ግልጽ ይሁን ብሎ በምርጫዎቹ ዝርዝር ውስጥ «አልተፈታም» የሚል ዋጋ ይጨምራል። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ያ ዋጋ የተመረጠለት ቲኬት ሁሉ በጂራ ዓይን የተፈታ ነው። መለያ ቁጥሩ ላይ መስመር ይሰመርበታል፤ የተከፈቱትንና የተፈቱትን በሚያነጻጽረው ሪፖርት ላይ በተፈቱት ወገን ይቆጠራል፤ ያልተፈቱትን ፈልግ ተብሎ ሲጠየቅ አይመጣም። በጂራ የፍለጋ ቋንቋ ያለ ትእምርተ ጥቅስ የተጻፈው «አልተፈታም» ባዶውን ፊልድ ይፈልጋል፤ በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ሲገባ ደግሞ አድሚኑ የፈጠረውን ዋጋ ይፈልጋል። በስክሪን ላይ አንድ የሚመስሉትን ሁለቱን የሚለያቸው የፊደሉ ማዘንበል ነው። ፊልዱን ማረሚያው ገጽ ላይ ማውጣትም ከዚሁ ይደርሳል፤ እዚያ ባዶ የሚል ምርጫ ስለሌለ፣ ርእስ ለማረም የገባ ሰው ሳያስበው ቲኬቱን ፈትቶ ይወጣል።

በዚህ ሁሉ መሃል አንድም የስህተት መልእክት አይመጣም። የሚታየው ከወራት በኋላ ሥራ አስኪያጁ ግራፉን አይቶ ቡድኑ ካሰበው በላይ ፈጣን መሆኑን ሲያደንቅ ነው። ማስተካከያው ወደዚያው ደረጃ የሚመልስ መሸጋገሪያ ሠርቶ፣ የፊልዱን ዋጋ አጥፋ የሚል ተግባር አያይዞ፣ የተበላሹትን ቲኬቶች በጅምላ በዚያ ማሳለፍ ነው። ይሠራል፤ ይሁንና ቀድሞ በወጡት ሪፖርቶች የተወሰኑት ውሳኔዎች አይመለሱም።

የሪፖርት መጋዘን ባላቸው የማይክሮሶፍቱ ሰርቨር እትሞችም የዚህ ዘመድ አለ። በሁለት ኮሌክሽኖች ውስጥ አንድ ውስጣዊ መለያ ያለው ፊልድ በተለያየ የዳታ ዓይነት ወይም በተለያየ የሪፖርት ጠባይ ከተተረጎመ፣ ግጭቱ ዳታው ወደ ሪፖርት መጋዘኑ እንዳይደርስ ያግዳል። ቅጾቹ ይከፈታሉ፣ ሥራው ይመዘገባል፣ ሪፖርቱ ግን ባለበት ይቀራል።

ሦስተኛው ዓይነት ዝምታ ከሰዎች የሚመጣ ነው። ኪም ሄርዚግ፣ ሳሻ ዩስትና ዜለር እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጡት ጥናት ከአምስት የክፍት ምንጭ ፕሮጀክቶች የተወሰዱ ከ7,000 በላይ መዝገቦችን አንድ በአንድ መርምረው፣ ባግ ተብለው ከተመዘገቡት 33.8 በመቶው በእርግጥ ባግ እንዳልነበሩ አገኙ። የአዲስ አገልግሎት ጥያቄዎች፣ የሰነድ እርማቶች፣ የኮድ ማደራጃ ሥራዎች ነበሩ። ሥርዓቶቹ አልተበላሹም፤ የምርጫ ዝርዝሩም የሚፈቀድ ዋጋ ነበር የያዘው። ስህተቱ የመጣው መዝጋቢውና አራሚው ነገሩን የሚያዩበት ቦታ ስለሚለያይ ነው።

የሥራን ዓይነት አስቀድሞ በምድብ የመክፈል ክርክር ከእነዚህ ሥርዓቶች ይቀድማል። የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ቴሪ ዊኖግራድና በሳልቫዶር አየንዴ መንግሥት ሚኒስትር የነበሩት ቺሊያዊው ፈርናንዶ ፍሎሬስ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ኮኦርዲኔተር የተባለ ሶፍትዌር ሠርተው ነበር፤ መልእክት ላኪው መልእክቱ ጥያቄ ነው፣ ቃል መግባት ነው፣ ወይስ ሌላ ብሎ ዓይነቱን እንዲሰይም ያደርጋል። አንትሮፖሎጂስቷ ሉሲ ሳችማን እ.ኤ.አ. በ1994 እንዲህ ያለው ምድብ ሥራውን ከመግለጽ ይልቅ ሠራተኛውን ለመቆጣጠር እንደሚያገለግል ጽፈው ተከራከሩ፤ ዊኖግራድም መልስ ሰጡ። ክርክሩን ማን እንደረታ መበየን ይከብዳል። ዳሩ ግን ግዴታ የሆነ ፊልድ ሁሉ ከዚያ ክርክር ድርሻ አለው፤ መልሱን የማያውቅ ሰው ማስቀመጥ ስላለበት ብቻ ከዝርዝሩ የመጀመሪያውን ይመርጣል። ሰርቨሩ ለዚህ መለያ ቁጥር የለውም። ያለው ፍተሻ የዋጋዎቹን ስርጭት ማየት ነው፤ አንድ ፊልድ ላይ ከላይ ያለው ምርጫ ከሌሎቹ ሁሉ እጅግ ከበለጠ፣ ደንቡን ከማጥበቅ በፊት ፊልዱ ለምን ግዴታ እንደተደረገ መጠየቅ ያዋጣል።

አዙር ዴቭኦፕስ በውርስ ላይ የተመሠረተውን የቅጽ ማሻሻያ ካመጣ ወዲህ ብዙ አድሚኖች ኤክስኤምኤል በእጃቸው አይጽፉም። እንደ ክፍት ቦታው ያለ የስም ግጭት አሁን ብዙም አያጋጥምም። አንድን ፊልድ ግዴታ ማድረግ በአንጻሩ ፋይል አውጥቶ፣ አርሞ፣ አረጋግጦ መጫን የሚጠይቅ ሥራ መሆኑ ቀርቶ በጥቂት ክሊክ የሚያልቅ ሆኗል።