ሮቦቱ፣ ፖስተሩና የጋይንቷ ቤተልሔም

በቪዲዮ ቤት ያደግን ሰዎች አንድ የጋራ ቂም አለን። በሩ ላይ የተለጠፈውን ፖስተር አይተን ሳንቲማችንን እንከፍላለን፤ ፖስተሩ ላይ ያየነው ነገር ግን ፊልሙ እስኪያልቅ ብንጠብቅ አይመጣም። ሲገባን፣ ማታለሉ በእኛ አልተጀመረም። እ.ኤ.አ. በ1956 በወጣው የ«ፎርቢድን ፕላኔት» ፖስተር ላይ ሮቢ የተባለው ሮቦት ራሷን የሳተች ሴት ታቅፎ እንደ ጭራቅ ቆሟል። ፊልሙ ውስጥ ግን ሮቢ ምግብ የሚያዘጋጅ፣ ልብስ የሚሰፋ ጨዋ አገልጋይ ነው! በ1958 ሬይኖልድ ብራውን የሳላት ግዙፍ ሴትም አውራ ጎዳና ላይ እግሯን አንፈራጣ መኪና በእጇ ታነሳለች። ይህም ፊልሙ ውስጥ የለም።

እነዚህ አሮጌ ውሸቶች ዛሬ የብዙ ወጣት ሠዓሊዎች መነሻ ሆነዋል። ቀዩ ሰማይ፣ ዘመም ያሉት ትልልቅ ፊደላት፣ መስቀል አደባባይ ላይ የሚያርፍ በራሪ ሳህን። «የፈረንጅ ኩረጃ!» የሚሉ አሉ። ለእነሱ መልስ ከመስጠታችን በፊት ወደ ጎንደር ብንሄድ ይሻላል።

በ16ኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በ17ኛው መጀመሪያ የኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን የታተሙ ሥዕሎች ይዘው መጡ። ከእነሱ አንዱ ሮም የሚገኘው የሳንታ ማርያ ማጆሬ የእመቤታችን ሥዕል ቅጂ ነበር። በ1590ዎቹ መጀመሪያ ሮም የታተመውና አንቶኒዮ ቴምፔስታ የሣለበት የዓረብኛ ወንጌልም እዚህ ደርሷል። ዐፄ ፋሲለደስ በ1630ዎቹ ሰዎቹን አባረሩ፤ ሥዕሎቹ ግን ቀሩ። የእኛ ሠዓሊዎች ያን ባለ ጥቁር መስመር ኅትመት ወስደው ቀይና ቢጫ አለበሱት፣ ጥላውን አወጡለት፣ ዓይኑን አተለቁት፤ እመቤታችንን በሚካኤልና በገብርኤል መካከል አስቀመጧት። ጻድቁን በሁለት ዓይን፣ ኃጥኡን በአንድ ዓይን የመሣሉን የቆየ ደንብም አልተዉም። ዛሬ ያን ሥዕል አይቶ «ይሄ የሮም ነው» የሚል ማን አለ?

ከደብረ ታቦር ወደ ምሥራቅና ወደ ደቡብ ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ያሉበት ደጋ፣ የከተማ ልጅ በስም እንጂ በእግሩ የማያውቀው አገር ነው (እኛም ከዚያው ነን)። የቤተ ክህነት ሰው ግን ያውቀዋል፤ ከዜማ ስልቶች ሁለቱ፣ ቤተልሔምና ቆማ፣ ስማቸውን ያገኙት ከጋይንትና ከእስቴ ነው። የጋይንቷ ቤተልሔም ከውጭ ሲያዩዋት እንደማንኛውም የገጠር ቤተ ክርስቲያን ክብ ናት፣ ሣር ክዳን። በሳሩ ሥር ግን ከእሷ በዕድሜ የሚቀድም፣ ከተጠረበ ድንጋይ የተሠራ ባለ አራት ማዕዘን ቤተ ክርስቲያን አለ። አየርላንዳዊው ቶማስ ፓከንሃም በ1955 ወደዚያ ሄዶ ሲያያት የተደነቀውን መደነቅ በ1959 ባሳተመው መጽሐፉ ተርኮታል። ለአካባቢው ሰው እርግጥ ምንም የተገኘ ነገር የለም፤ ሁልጊዜም እዚያው ነበረች።

እኛን የማረከን ይህ ነው። የፈረንጁ ፖስተር ከውስጡ በላይ ይምላል፤ ቤተልሔም ከውስጧ በታች ትናገራለች። ከፖስተሩ ቀለሙንና ድፍረቱን መውሰድ ነውር የለውም፣ የጎንደር ሠዓሊዎችም ወስደዋል። ችግሩ ሮቦቱን እንዳለ ገልብጦ ነጠላ ሲያለብሱት ነው። እውነቱን ለመናገር ብዙው የምናየው ሥራ ነጠላ የለበሰ ሮቦት ነው።

ሌላ መንገድ እንዳለ በ2015 የወጣው «ክራምብስ» አሳይቷል። ዳይሬክተሩ ስፔናዊው ሚጌል ያንሶ ነው፤ ቋንቋው አማርኛ፣ መሪ ተዋናዩ ዳንኤል ታደሰ። ሰማይ ላይ የጠፈር መርከብ ተንሳፏል፤ ምድር ላይ የተረፉት ሰዎች ደግሞ የእኛን ዘመን የፕላስቲክ አሻንጉሊት እንደ ክታብ ያከብሩታል። የፈረንጅ ፋብሪካ የጣለው ዕቃ፣ በአማርኛ ሲነገርለት፣ ሌላ ነገር ይሆናል።

ባለፈው ሰሞን ከመካከላችን መሣል የሚችለው ልጅ አንድ ፖስተር ጀምሯል። ቀይ ሰማይ፣ ክብ ሣር ክዳን፣ ከክዳኑ ሥር የሚወጣ ብርሃን። ሮቦት የለበትም። ስሙን በምን ዓይነት ፊደል እንጻፈው በሚለው ላይ ግን እስካሁን አልተስማማንም።