ዦርዥ ሲሜኖንና የአሥራ አንድ ቀን ልብ ወለድ

ልብ አንጠልጣይ ልብ ወለድ በብዙ አገር አንድ ዓይነት ዕጣ ደርሶታል። አንባቢ ይሻማበታል፤ ሐያሲ ፊቱን ያዞርበታል። ብዙ የተሸጠ ሁሉ የቀለለ፣ ፈጥኖ የተጻፈም ሁሉ ያልታሰበበት ተደርጎ ይቆጠራል። ይህን ፍርድ ከሁሉ ይልቅ የሚፈታተን አንድ ደራሲ ቢኖር ቤልጂጋዊው ዦርዥ ሲሜኖን ነው። በራሱ ስም ብቻ ወደ 190 የሚጠጉ ልብ ወለዶችን አሳትሟል፤ መጻሕፍቱ በበርካታ ቋንቋዎች ተተርጉመው በመቶ ሚሊዮኖች ቅጂ ተሽጠዋል። ታዲያ ይህ ሰው እንዴት ጻፈ? ፍጥነቱስ ከጥበቡ ምን ቀነሰበት፣ ምንስ ጨመረለት?

ሲሜኖን በ1903 (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በሊየዥ ከተማ ተወለደ። አባቱ የኢንሹራንስ ድርጅት ጸሐፊ ነበር፤ እናቱ ኑሮን ለመደጎም ለተማሪዎች ክፍል ታከራይ ነበር። በ15 ዓመቱ ትምህርቱን አቋረጠ፤ በ1919 መጀመሪያ ላይ በከተማይቱ ጋዜጣ ወሬ አቀባይ ሆኖ ተቀጠረ። ፖሊስ ጣቢያውና ፍርድ ቤቱ መዋያዎቹ ሆኑ። ሙያው ሁለት ነገር አስተማረው፤ አንደኛው ሰዓት ሳያሳልፉ መጻፍን፣ ሁለተኛው ከአራት መስመር የወንጀል ዜና ጀርባ አንድ ሙሉ የሰው ሕይወት መኖሩን።

በ1922 መጨረሻ ወደ ፓሪስ ሄደ። እዚያ «ለማተን» በተባለው ጋዜጣ የሥነ ጽሑፍ ክፍል ኃላፊ ለነበረችው ለታዋቂዋ ደራሲ ለኮሌት አጫጭር ታሪኮችን አቀረበላት። እርስዋም ጽሑፉ «ሥነ ጽሑፍ» እንደበዛበት ነግራ መለሰችበት። ማጌጫውን አውልቅና ታሪኩን አስቀር ማለትዋ ነበር። ወጣቱ ምክሩን እንደ ሕግ ተቀበለው፤ እስከ ዕድሜው ፍጻሜም ከማንም ያገኘሁት ትልቁ ትምህርት ይህ ነው ሲል ኖረ።

ከ1924 እስከ 1931 ባሉት ዓመታት በልዩ ልዩ የብዕር ስሞች ወደ 200 የሚጠጉ ርካሽ ልብ ወለዶችን ጻፈ። የፍቅር፣ የጀብዱ፣ የጉዞ፣ የወንጀል ታሪክ፤ ገበያው የጠየቀውን ሁሉ አቀረበ። ለዕለት እንጀራው የጻፈው ይህ ሁሉ ለእርሱ የሙያ መለማመጃ ነበር። ትዕይንት እንዴት እንደሚከፈት፣ ንግግር የት ላይ እንደሚቆረጥ፣ አንባቢ መቼ እንደሚሰለች በዚህ መንገድ ተማረ።

ስለ ፍጥነቱ የተወራው ተረት የመጣው ከዚያ ዘመን ነው። በ1927 አንድ የጋዜጣ ባለቤት ሲሜኖን በመስተዋት ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ሕዝብ እያየው በጥቂት ቀናት ልብ ወለድ እንዲጽፍ ተዋውሎት ነበር። ትርዒቱ ፈጽሞ አልተካሄደም። ይሁን እንጂ ከዓመታት በኋላ በቦታው ተገኝተን በዓይናችን አይተናል የሚሉ ሰዎች አልጠፉም። ሰው የሚያየውን ከማመን ይልቅ ያመነውን ማየት እንደሚቀናው ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም፤ ልብ አንጠልጣይ ደራሲም የሚሠራው በዚሁ የሰው ጠባይ ላይ ነው።

በ1931 ኮሚሳር ሜግሬ በፋያር ማተሚያ ቤት በኩል ለአንባቢ ቀረበ። ለምርቃቱ በፓሪስ በተደረገው የዳንስ ምሽት እንግዶቹ በር ላይ እንደ ተጠርጣሪ የጣት አሻራ እንዲሰጡ ተደረገ። ከዚያ እስከ 1972 ድረስ ሜግሬ በ75 ልብ ወለዶችና በ28 አጫጭር ታሪኮች ውስጥ ተመላለሰ። ይህ መርማሪ ከቀደሙት ይለያል። እንደ ሼርሎክ ሆምስ የሲጋራ አመድ በማጉያ መነጽር አይመረምርም። ወንጀሉ በተፈጸመበት ሰፈር ይቀመጣል፤ ፒፓውን ያጨሳል፤ ቢራውን ይጠጣል፤ የቤቱን ሽታና የሰዉን አነጋገር እስኪለምድ ድረስ ይቆያል። ጥያቄው «ማን ገደለ?» ከሚለው አልፎ «ይህ ሰው እዚህ እንዴት ደረሰ?» የሚል ነው። መረዳት እንጂ አለመፍረድ የደራሲውም የመርማሪውም መመሪያ ነበር።

የሲሜኖን አሠራር ራሱ እንደ ሥርዓተ አምልኮ የጠበቀ ነበር። ልብ ወለድ ሊጀምር ሲል የስልክ ማውጫዎችን እያገላበጠ ለሰዎቹ ስም ይመርጣል። ከዚያም በአንድ ቢጫ ፖስታ ጀርባ ላይ ስማቸውን፣ ዕድሜያቸውን፣ አድራሻቸውን፣ ቤተሰባቸውን ይጽፋል። የድርጊቱ ንድፍ ግን በፖስታው ላይ አይገኝም። ደራሲው ራሱን የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ይህ ሰው በዚህ ቦታ ሲኖር እስከ አቅሙ ጥግ የሚገፋው ምን ሊደርስበት ይችላል? መልሱ የመጀመሪያውን ምዕራፍ ይሰጠዋል። የቀረውን በየዕለቱ ከሰዎቹ ጋር አብሮ ያገኘዋል።

ሥራ ከመጀመሩ በፊት ሐኪም ጠርቶ የደም ግፊቱን ያስለካል፤ ልጆቹንም ያስመረምራል። ከጀመረ በኋላ በቀን አንድ ምዕራፍ፣ አንድም ቀን ሳያስታጉል በጽሕፈት መኪናው ይጽፋል። በሩ ላይ «አትረብሹኝ» የሚል ማስታወቂያ ይሰቀላል። እንግዳ አይቀበልም፤ ስልክ አያነሣም። ለ48 ሰዓት ከታመመ የጻፈውን ሁሉ ጥሎ ወደዚያ መጽሐፍ አይመለስም። ምክንያቱም በእነዚያ ቀናት የባለታሪኩን ቆዳ ለብሶ ይኖራል፤ ከ11 ቀን በላይ ሊሸከመውም አይችልም። ከዚህ በኋላ ለሦስት ቀን ያህል ያርማል፤ እርማቱም መቁረጥ ነው። ቅጽሉ፣ ተውሳከ ግሡ፣ ለማስደነቅ ብቻ የገባው ቃል ሁሉ ይወጣል። አንድ ዓረፍተ ነገር በጣም አምሮ ከተገኘ እርሱም ይሰረዛል። ኮሌት ከዓመታት በፊት የነገረችው ይኸው ነበር።

የዚህን አሠራር ፍሬ ለማየት በ1938 የታተመውን «ባቡሮች ሲያልፉ ይመለከት የነበረው ሰው» መመልከት ይበቃል። ኬስ ፖፒንጋ በሆላንድ በግሮኒንገን ከተማ የሚኖር፣ ሚስት፣ ልጆችና ቤት ያለው የተከበረ የቢሮ ሠራተኛ ነው። አንድ ምሽት አሠሪው ድርጅቱ መክሰሩንና ራሱም ሊሸሽ መሆኑን ይነግረዋል። በማግሥቱ ፖፒንጋ ባቡር ተሳፍሮ ይጠፋል፤ የሰው ነፍስም ያጠፋል። ገዳዩን አንባቢው ከመጀመሪያው ስለሚያውቀው የሚደበቅ ምሥጢር የለም። ልብ የሚያንጠለጥለው በሥርዓት የኖረ ሰው ክሩ አንድ ጊዜ ከተበጠሰ በኋላ የት ይቆም ይሆን የሚለው ጥያቄ ነው። ጥርጣሬው ከድርጊቱ ወደ ሰው ጠባይ ተዛውሯል። አንድሬ ዢድን የመሰለ የረቀቀ ደራሲ ለሲሜኖን ያደረበት አድናቆትም ያለ ምክንያት አልነበረም።

ለተውኔት ሰዎች ደግሞ ከሁሉ የሚልቀው ስለ ርዝመት የነበረው እምነቱ ነው። የጥንቱን ትራጄዲ ተመልካች በአንድ መቀመጫ እንደሚያየው ሁሉ ልብ ወለድም በአንድ ምሽት ተነቦ ማለቅ አለበት ይል ነበር። መጻሕፍቱ አጫጭር የሆኑት፣ ባለታሪኩም መድረክ ላይ የሚገባው ሕይወቱ ሊፈነዳ ሲል የሆነው ስለዚህ ነው።

እርግጥ ሥራዎቹ ሁሉ እኩል አይደሉም። ይህን ያህል የጻፈ ሰው ራሱን መድገሙ አልቀረም፤ አንዳንዱ ታሪክ ከቀድሞው ልብሱን ብቻ ለውጦ የመጣ ይመስላል። ዋጋውም ቀላል አልነበረም። በ1972 መስከረም ስዊስ አገር ሎዛን አጠገብ ባለው ቤቱ እንደ ልማዱ አዲስ ፖስታ አዘጋጀ። ስሞቹ ተጻፉ፤ ሰዎቹ ግን አልመጡለትም። ከዚያ በኋላ ልብ ወለድ አልጻፈም፤ በመታወቂያ ወረቀቱም ላይ ደራሲ የሚለው ሙያ እንዲሰረዝ አደረገ። የቀረውን ዘመኑን ትዝታውን በቴፕ ሲቀዳና ሲጽፍ ኖሮ በ1989 ሎዛን ውስጥ ዐረፈ።

የመስተዋቱ ክፍል ተረት ሲሜኖንን እንደ ምትሐተኛ አሳይቶታል። እውነቱ ግን ወደ ሠራተኛው ይመልሰናል። አሥራ አንዱ ቀን የጽሕፈቱ ዕድሜ እንጂ የመጽሐፉ ዕድሜ አይደለም፤ ከኋላው የፖሊስ ጣቢያው ውሎ፣ 200 ያህሉ የመለማመጃ መጽሐፍ፣ የሰውን ኑሮ በትዕግሥት የመመልከት ልማድ አለ። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው እንዲሉ፣ የሲሜኖን ቀላል ዓረፍተ ነገርም አንባቢን ሳያስደነግጥ ይዞት ይሄዳል። አንባቢው ራሱን የሚያገኘው ከጥልቁ ከደረሰ በኋላ ነው። ልብ አንጠልጣዩ ልብ ወለድ ከሥነ ጽሑፍ አደባባይ ይግባ ወይስ አይግባ የሚለው ክርክር በዘርፉ ስም የሚዳኝ አይደለም። የሚዳኘው በመጽሐፉ ፍጻሜ ላይ ወንጀለኛው ብቻ ነው የታወቀው ወይስ ሰውም ታወቀ በሚለው ጥያቄ ነው።