የባቢሌ አሸዋ

ከሐረር የተነሳ አውቶቡስ የኤረርን ሸለቆ ወርዶ ወጥቶ ባቢሌ ሲደርስ፣ ገና ጎማው ሳይቆም ልጆች መስኮቱን ይከቡታል። የሚሸጡት ኦቾሎኒ ነው፤ በጣሳ እየሰፈሩ። መንገዱ 30 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ስንት ጊዜ እንደተመላለስኩበት መቁጠር ከተውኩ ቆይቻለሁ። ሐረር ተወልጄ፣ ዓለማያ ተምሬ፣ ዕድሜዬን በአፈር ጥናት የጨረስኩ ሰው ነኝ። ሥራዬ ጉድጓድ ማስቆፈር፣ ጉድጓዱ ውስጥ መግባትና ግድግዳውን ማንበብ ነበር። እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ሥራዬን ለጎረቤት ማስረዳቱ ሲያዳግታት «መሬት ነክ ነገር ነው» ብላ ትገላገል ነበር።

የአፈር ሰው ሁሉ የሚያደላለት አፈር አለው። ጓደኞቼ ጥቁሩን አፈር ይወዱ ነበር፤ ክረምት ጫማ የሚያወልቀውን፣ በጋ እግር እስኪያስገባ የሚሰነጠቀውን። ሸዋ መረሬ ይለዋል፣ ጎንደር ዋልካ ይለዋል፣ የሐረርጌ ገበሬ ኮቲቻ ይለዋል። አሸዋ ግን በአማርኛችን ይህ ነው የሚባል ክብር የለውም። አሸዋ ላይ የተሠራ ቤት የሞኝ ቤት ነው። አሸዋ ያለበት እንጀራ ያቀረበች ባለሙያ ስሟ በአንድ ቀን ሰፈሩን ያዳርሳል። እኔ ያደላሁት ለዚህ ለተናቀው ነው።

ከባቢሌ ወደ ጅጅጋ ሲኬድ የዳካታ ሸለቆ ይመጣል፤ ድንጋይ በድንጋይ ላይ የቆመበት። አንዳንዱ ከሥሩ ያለውን የሚነካው መዳፍ በምታህል ቦታ ብቻ ነው፤ አሁን ወደቀ ሲሉት ዘመን ይሻገራል። መንገደኛው ድንጋዩን ፎቶ ያነሳል፤ እኔ ከሥሩ ያለውን አሸዋ እዘግናለሁ። ሁለቱ የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ግራናይቱ ከ500 ሚሊዮን ዓመት በላይ አስቆጥሯል፤ በላዩ ተነጥፎ የነበረው የአሸዋ ድንጋይና የኖራ ድንጋይ በዘመናት ታጥቦ ሲያልቅ ፀሐይ አየ። ግራናይት ስንጥቅ አለው። ገና መሬት ውስጥ ተቀብሮ ሳለ ውሃ በስንጥቁ እየሰረገ ዙሪያውን ያበሰብሰዋል፣ መሐሉ ይተርፋል። የበሰበሰው ሲታጠብ የተረፈው ብቻውን ይቆማል፤ ያ ነው ፎቶ የሚነሳው። ከበሰበሰው ውስጥ ደግሞ ፌልድስፓር የሚባለው ማዕድን ወደ ሸክላ ተለውጦ በጎርፍ ቁልቁል ይወርዳል። ኳርትዝ ግን አልበሰብስም ብሎ እዚያው ድንጋዩ ሥር ይቀራል። ሲዘግኑት መዳፍ የሚቧጭረው እሱ ነው፤ መሐል መሐል ብልጭ የሚለው ሚካ ነው።

ስለዚህ የአገሩ አፈር በተዳፋቱ ልክ የተሰለፈ ነው። ከድንጋዩ ሥር ሸካራ አሸዋ፣ ወረድ ሲሉ ሸክላ የቀላቀለ ቀላ ያለ አፈር፣ ከሸለቆው ወለል ጠቆር ያለ ጭቃ። በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ታንጋኒካ ውስጥ አማኒ ላይ ይሠራ የነበረው ጄፍሪ ሚልን ይህን ዓይነቱን ሰልፍ «ካቴና» አለው፤ በላቲን ሰንሰለት ማለት ነው። ዛሬ በዓለም ሁሉ የሚያስተምሩት ቃል የተወለደው እዚሁ ምሥራቅ አፍሪካ መሆኑን ተማሪ ሳለሁ የነገረኝ አልነበረም።

ይህ አሸዋ ለማሽላ ስስታም ነው። ያዝናናው ኦቾሎኒ ነው፤ እሱም ሩቅ አገር ነው የመጣው። የደቡብ አሜሪካ ተክል ነው፤ በ16ኛው መቶ ዘመን ፖርቱጋሎች ወደ አፍሪካ አሻገሩት። ሐረርጌ የደረሰው ግን ዘግይቶ፣ በ1920ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) በጣሊያኖች እጅ ከኤርትራ እንደሆነ ነው የሚጻፈው። ከዚያ በኋላ የምርምር ሰዎች ብዙ ዝርያ አምጥተዋል፤ ሹላሚት የሚባለው ከእስራኤል መጥቶ እዚህ ስሙን ሳይለውጥ ቀረ።

ኦቾሎኒ ጠባዩ ልዩ ነው። ቢጫ አበባው ከመሬት በላይ ይከፈታል፣ ይደርቃል፤ ከዚያ ከአበባው ሥር መርፌ የመሰለ ጭራ ወጥቶ ወደ ታች ያድግና አፈር ውስጥ ይሰካል። ፍሬው የሚያብጠው በጨለማ ነው። ሸክላ በበዛበት መሬት ዝናቡ ትንሽ ከዘገየ ገጹ እንደ ምድጃ ልስን ይጠነክርና መርፌው ይታጠፋል። የገባውም ቢሆን የመከር ቀን ሲነቀል ግማሹ መሬት ውስጥ ተበጥሶ ይቀራል። ባቢሌ ላይ ይህ ጣጣ የለም። ጥቅምት መጨረሻ ላይ ጎንበስ ብለው ቅጠሉን ከሥሩ ጨብጠው ሳብ ሲያደርጉ የሚሰማውን ድምፅ ተኝቼም አውቀዋለሁ፤ ቀስ ብሎ የሚቀደድ አቡጀዲ ይመስላል። ሁለት ጊዜ ያራግፉታል፣ አሸዋው ዝርግፍ ይላል፣ ፍሬው እንደታጠበ ነጣ ብሎ ይንጠለጠላል። ነጋዴ የሚወደው ይህንን ነው፤ ጭቃ ያልነካው ቅርፊት።

አሁን ስለ ጉድጓዱ ልንገራችሁ። 1976 ዓ.ም. ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ ያለ ማሳ ላይ አንድ ሜትር በሁለት ሜትር ቆፈርን፣ ጥልቀቱን ሜትር ተኩል። አሸዋ ውስጥ መቆፈር የልጅ ሥራ ይመስላል፤ ችግሩ ግድግዳው አለመቆሙ ነው። ውሃ እየረጨን ነው ያቆምነው፣ እንዲያም ሆኖ አንድ ጎኑ ተንዶ እስከ ጉልበቴ ቀበረኝ። የማሳው ባለቤት ጉድጓዱ አፍ ላይ ቁጭ ብለው ጫታቸውን እየቃሙ ያዩናል። አሮጌ ሰው ናቸው፤ እኔ «ኦቦ» እላቸዋለሁ፣ እሳቸው «ልጄ» ይሉኛል፣ የምናወራው በኦሮምኛ ነው።

የአፈር ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው አፈሩን አርሶ በመዳፉ ማንከባለል ነው። ሸክላ ያለበት እንደ ገመድ ይሳባል፣ ሸክላው ከበዛ ቀለበት ይሆናል። የእኛው በግድ ኳስ ሆነ፤ በአውራ ጣቴ ነካ ባደርገው ፈረሰ። የአፈር ቀለም የሚለይበትን መጽሐፍ ገልጬ ከላይ እስከ ታች አስተያየሁት፤ ልዩነት የለም። ቅጹ ላይ «ንብርብር የለውም» ብዬ ጻፍኩ። ደስ ብሎኝ ነበር፤ እንዲህ ያለ ንጹሕ አሸዋ አይገኝም።

35 ሳንቲ ሜትር ላይ ቢላዬ ብረት ነካ። አሸዋውን በጣቴ ጠረግሁት። የጥይት ቀለህ ነው፤ አረንጓዴ ዝገት ጀምሮታል። ሾፌራችን ከላይ ሆኖ «ውጣ! ፈንጂ ቢሆንስ?» ብሎ ጮኸ። አዛውንቱ ግን ከተቀመጡበት አልተነሱም።

«ምሽግ ነበር» አሉኝ።

በ1970 ዓ.ም. ጦሩ በዚህ መንገድ ወጥቶ ወርዷል፤ የካቲት ላይ ካራማራ እስኪያዝ ድረስ ይህ ሁሉ አገር ግንባር ነበር። ከተቆፈሩት ምሽጎች አንዱ እሳቸው ማሳ ውስጥ አለፈ። «ማን ሞላው?» ስላቸው ሳቁ። «አሸዋ ሞላው። ሁለት ክረምት አልፈጀበትም፤ እኔ አንድ አካፋ አልጣልኩበትም።»

ያን ጊዜ ነው የደነገጥኩት፤ በፈንጂው አይደለም። ያ ጉድጓድ ኮቲቻ ውስጥ ቢሆን ኖሮ የምሽጉ ጠርዝ ቁልጭ ብሎ በታየ፤ የላዩና የታችኛው አፈር ቀለም ተደባልቆ ለልጅ ልጅ በቆየ። አሸዋው ግን ሁለት ዓመት ባልሞላ ጊዜ የገባውን ከጥንቱ ጋር አንድ አድርጎ አሳይቶኝ ነበር። ቀለሁ ባይኖር ያንን ጉድጓድ የተፈጥሮ አፈር ብዬ መዝግቤ ነበር የምሄደው። ቅጹን ቀደድኩ፤ ቆፋሪዎቹ እያጉረመረሙ ሃምሳ እርምጃ ራቅ ብለን እንደገና ጀመርን።

ሁለተኛው ጉድጓድ ሌላ ጣጣ አመጣ። 80 ሳንቲ ሜትር ድረስ አሸዋ ነው፤ ከዚያ በታች ያፈስኩት አፈር መዳፌ ላይ እንደ ገመድ መሳብ ጀመረ። ሸክላ። ማታ ባቢሌ ባረፍንበት ቤት በፋኖስ ብርሃን ከጓደኛዬ ጋር የተጨቃጨቅነው በዚህ ነው፤ ስሙ ማን ይባል? ያኔ በእጃችን የነበረው ፋኦና ዩኔስኮ በ1974 (እ.ኤ.አ.) ያወጡት የዓለም የአፈር ካርታ መፍቻ ነው። አሸዋማውን «አሬኖሶል» ይለዋል፤ አሬና በላቲን አሸዋ ነው። ሮማውያን የሚጋደሉበትን ሜዳ ደም እንዲመጥጥ አሸዋ ያነጥፉበት ስለነበር ነው ሜዳው ራሱ አሬና የተባለው። አሜሪካኖቹ ደግሞ ከግሪክ ቃል ወስደው «ሳመንት» ይሉታል። ደንቡ ከዚያ ወዲህ ተሻሽሏል። ዛሬ አሬኖሶል ለመባል ከሞላ ጎደል እስከ 100 ሳንቲ ሜትር ድረስ አሸዋነቱ መዝለቅ አለበት፤ እንዲህ ዓይነቱ አፈር በዓለም ላይ 900 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ እንደሚሸፍን ይገመታል። በዛሬው ደንብ ሁለተኛው ጉድጓዴ ከስሙ ይወጣል፤ በሃምሳ እርምጃ ልዩነት።

በማግስቱ አዛውንቱን ጠየቅኋቸው። ለእሳቸው ሁሉም ቢዬ ጪረቻ ነው፣ አሸዋ አፈር። «ግን ሁለት ነው» አሉ። «አንዱ ዝናብን በሦስተኛው ቀን ይረሳል፤ አንዱ ሳምንት ያስታውሳል።» ድንበሩን አሳዩኝ አልኳቸው። በትራቸውን አሸዋው ላይ እየጎተቱ ማሳውን አቋርጠው ሄዱ። እኔ ተከትዬ በመሰርሰሪያ ከመስመሩ ወዲህና ወዲያ አየሁት። ወዲህ፣ ሜትር ድረስ ሸክላ የለም፤ ወዲያ፣ 75፣ 80፣ 85 ላይ ሸክላ። የሳቱት ከሦስት እርምጃ አይበልጥም።

የነገሩ ምሥጢር መጽሐፉ ውስጥም አለ። አንድ ሜትር ጥልቀት ያለው አሸዋ ለተክል የሚያቆየው ውሃ ከ25 እስከ 100 ሚሊ ሜትር ነው፤ ሸክላ ከ175 እስከ 250 ያቆያል። በሰዓት ከ30 ሚሊ ሜትር በላይ የሚያሰርግ አሸዋ ሥር ሸክላ ካለ፣ እየወረደ ያለውን ውሃ እሱ ይይዘዋል፣ ሥር ደርሶ ይጠጣዋል። አዛውንቱ የሚለኩት ግን በሚሊ ሜትር አልነበረም፤ ቅጠሉ ቀትር ላይ በስንተኛው ቀን እንደሚጠወልግ ነው የሚቆጥሩት። የባሰውን ደግሞ ልንገራችሁ፤ በ1984 (እ.ኤ.አ.) ፋኦ ያዘጋጀው የአገራችን የአፈር ካርታ ላይ አንድ ሚሊ ሜትር አንድ ኪሎ ሜትር ነው። የእሳቸው መስመር በዚያ ላይ የእርሳስ ጫፍ ውፍረት አያህልም፤ ሁለቱም መሬት አንድ ቀለም ተቀብቶ ያልፋል።

አሸዋው ክፋት የለውም አልልም። ካልሲየም ሲያጥርበት ፍሬው ባዶ ቅርፊት ይሆናል፤ ገበሬው ከፍቶ ሲያይ ውስጡ ነፋስ ነው። ኦቾሎኒ ከነሥሩ ተነቅሎ፣ ቅጠሉ ለከብትና ለግመል ሲሄድ፣ ማሳው በጋውን ራቁቱን ይከርማል፤ የመጀመሪያው ዝናብ የሚያገኘው ያንን ነው። መከር ሊደርስ ሲል ዝናብ ከቀረ ደግሞ አሸዋው ቶሎ ስለሚደርቅ ተክሉ ይዳከምና ሻጋታ ይገባዋል። በ1960 (እ.ኤ.አ.) እንግሊዝ አገር ከመቶ ሺህ በላይ የቱርክ ዶሮዎችን በመግደሉ የታወቀው አፍላቶክሲን የሚመጣው ከዚህ ሻጋታ ነው። ገበያ ላይ ቅርፊቱ በቶሎ እንዲፈለፈል ውሃ ሲረጩበት ሳይ ዝም ማለት አልችልም። ተናግሬ የተሰደብኩበት ቀን ብዙ ነው።

ባለፈው ዓመት በዚያው አለፍኩ። አዛውንቱ ከሞቱ ቆይተዋል፤ ማሳውን ከመንገዱ ለይቼ ማወቅ አቃተኝ። አውቶቡሱ ሲቆም አሥር ዓመት የማይሞላው ልጅ በመስኮቱ ሁለት ጣሳ ዘረጋልኝ። አንዱ ከሌላው ይወደዳል። መጠኑ አንድ ነው፤ አንደኛው ቅርፊቱ ነጣ ያለ፣ ሌላው በየስርጉዱ ቀይ አፈር ተጣብቆበታል።

«ይኼ ለምን ተወደደ?» አልኩት ነጩን እያሳየሁ።

«የአሸዋ ነው፣ አባባ» አለኝ። ቀዩን ከፍ አድርጎ «ይኼ የታች ነው» አለ።

ከነጩ ሁለት ጣሳ ገዛሁ። ጅጅጋ ስደርስ ኪሴ ጥግ ላይ ጥቂት ፍሬ አሸዋ ቀርቶ ነበር። እንደ ልማዴ መዳፌ ላይ አድርጌ በምራቄ አርሼ አንከባለልኩት፤ ኳስ እንኳ አልሆነም።