የቃዲው ችሎትና የተከራካሪው ፈቃድ

በአንድ አገር ከአንድ ዐይነት በላይ ዳኛ ሲኖር፥ ባለጉዳይ ሕጉ ምን ይላል ከማለቱ በፊት ወደ የትኛው ደጅ ልሂድ ይላል። በአማራ ክልል በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን፥ በከሚሴና በዙሪያዋ ባሉት ወረዳዎች አብዛኛው ሕዝብ ሙስሊም ስለ ሆነ፥ ይህ ጥያቄ እዚያ ብዙ ዘመን የቆየ ነው። የመንግሥት ፍርድ ቤት አለ፤ የሸሪዓ ችሎት አለ፤ እንደ ጥሩ ሲና ባሉት የሼኾች ደብሮችም የደም ነገር ሳይቀር በዕርቅ ይታያል። ስለ ዕርቁ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ያስፈልጋል፤ የዛሬው ነገራችን ግን ስለ ቃዲው ነው።

የቃዲ ፍርድ ከመንግሥት ዐዋጅ አስቀድሞ የነበረ ነው። በወሎ የእስልምና ትምህርት በስፋት ሲሰጥ ስለ ኖረ፥ የተማረ ሼኽ ባለበት ሁሉ የጋብቻ፥ የፍችና የውርስ ክርክር ይሰማ ነበር። ከጠላት ወረራ በኋላ መንግሥት ሥልጣኑን በጽሑፍ ወሰነለት፤ ዋናውም በ1936 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 62 ነው። ዐዋጁ ከታች ናኢቦችን፥ በላያቸው ቃዲዎችን፥ ከሁሉ በላይ የሸሪዓ ፍርድ ቤትን አቆመ። ጋብቻው በእስልምና ሥርዐት የተፈጸመ ወይም ተከራካሪዎቹ ሁሉ ሙስሊሞች ከሆኑ የትዳሩ ነገር፥ ሟቹ ሙስሊም ከሆነም የውርሱ ነገር ለእነዚህ ዳኞች ተሰጠ። በነዚህ ጉዳዮች የዳኝነቱ መሠረት ሃይማኖት ነበረና ተከራካሪው ፈቅደሃል ወይ ተብሎ አይጠየቅም ነበር።

ከ1953 ዓ.ም. መባቻ ጀምሮ የጸናው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 3347 እርሱ በሚመለከታቸው ነገሮች ላይ ቀድሞ የነበረውን የተጻፈና የልማድ ሕግ ሻረ። ለሙስሊሞች ልዩ ድንጋጌ እንዲገባ ታስቦ የነበረ ቢሆንም ሳይገባ ቀረ። እንግዲህ በወረቀት ላይ ቃዲው የሚፈርድበት ሕግ የተሻረ መሰለ፤ ችሎቱ ግን አልተዘጋም። የሕግ ሊቃውንት በዚህ ብዙ ተከራክረዋል። በእኔ አስተያየት ሕግ አውጪው ነገሩን በዝምታ ማለፉ ለሠላሳ ዓመት ያህል ባለጉዳዩንም ዳኛውንም በጥርጣሬ አኑሯል።

ዝምታውን የሰበረው በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት ነው። አንቀጽ 34 የግልና የቤተሰብ ክርክር በሃይማኖት ወይም በባህል ሕግ ሊዳኝ የሚችለው ተከራካሪዎቹ ሲፈቅዱ ነው አለ፤ አንቀጽ 78 ደግሞ እንዲህ ያሉትን ፍርድ ቤቶች የማቋቋምን ወይም የማወቅን ሥልጣን ለፌዴራሉና ለክልሎች ምክር ቤቶች ሰጠ። በ1936ቱ ዐዋጅ ሃይማኖት በነበረበት ቦታ ፈቃድ ገባ ማለት ነው።

ይህ ለውጥ በአንድ ቤት ውስጥ ምን ያህል እንደሚመዝን በምሳሌ እንየው። አንድ አባት አሥራ ሁለት ከብት ትቶ ቢሞት፥ ወራሾቹም አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ ብቻ ቢሆኑ፥ በሸሪዓ ለወንዱ ስምንት፥ ለሴቲቱ አራት ይደርሳል፤ በፍትሐ ብሔር ሕግ ስድስት ስድስት ነው። ስለዚህ እኅት ችሎት ስትመርጥ ድርሻዋንም መምረጧ ነው። በሃይማኖቷ ሕግ መዳኘትን ወድዳ አራቱን የምትቀበል ትኖራለች፤ መብቷም ነው። ነገር ግን የወንድሞቿንና የጎረቤቶቿን ፊት አይታ ዝም ያለችውስ ፈቅዳለች ይባላልን?

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች ዐዋጅ ቁጥር 188 ለዚህ መልስ ሞክሯል፤ ፈቃዱ በግልጽ ካልተገለጠ ነገሩ ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት ይመራል አለ። ወዲያው ግን መጥሪያ በሚገባ ደርሶት ያልቀረበ ሰው እንደ ፈቀደ ይቈጠራል ሲል ጨመረበት። ከገጠር ቀበሌ ተነሥታ ከተማ ለመድረስ የቀን መንገድ ለሚቀራት ሴት ይህ ከባድ ግምት ነው። ዐዋጁ የፌዴራል ስለ ሆነ ከሚሴን በቀጥታ አይገዛም፤ የፈቃዱ ጥያቄ ግን ከሕገ መንግሥቱ የመጣ ነውና እዚያም ያው ነው።

ነገሩ በ1996 ዓ.ም. ከፌዴሬሽን ምክር ቤት ደረሰ። በአዲስ አበባ በተነሣ የውርስ ክርክር አቤት ባዮቹ በሸሪዓ ፍርድ ቤት መዳኘትን አንፈቅድም ብለው ሳለ ተፈርዶባቸው፥ ፍርዱም በየደረጃው ጸንቶ ነበር። ምክር ቤቱ ያለ ፈቃድ የተሰጠው ፍርድ ሕገ መንግሥቱን ይቃረናል ሲል ሻረው። በዚያ ጉዳይ ግን እንቢታው በግልጽ ተነግሮ ነበር፤ ዝም ያለችዋ ሴት ጉዳይ አልተወሰነበትም።